ከሸዋሮቢት እስከ ጣርማበር፦ የአንዲት አሮጌ ዲኤክስ የነዳጅ ችግር ፍለጋ ማስታወሻ

የቀረበው ችግር

መኪናዋ እኛ አገር «ዲኤክስ» የምንላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ትውልድ ስትሆን፣ ሞተሯ 4ኬ የሚባለው ባለ 1,290 ሲሲና ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚደባልቅ ዕቃ ያለው) ሞተር ነው። ነዳጁን የሚስበው ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ጎን ታስሮ በካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች በሚከፍተው ዘንግ) እየተገፋ የሚሠራ ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ባለቤቷ አጎቴ ሲሆኑ፣ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት እየጫኑ ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሱባታል። ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወጥቶ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደጋው ሜዳ ይገባል።

ደብረ ብርሃን ላይ በውርጭ ማለዳ እንኳ ወዲያው ትነሣለች፤ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ መዞሯ) የተስተካከለ ነው፤ ወደ ጫጫና ወደ ሸኖ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይም ምንም ጉድለት አይታይባትም። ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ደቂቃ እንደ ተጎተተች ግን በመጀመሪያ ጉልበት ታጣለች፣ ቀጥሎ ትቆራረጣለች፣ ነዳጅ መስጫውን አጥብቀው ሲረግጡት ካርቡሬተሩ ያስነጥሳል፣ በመጨረሻም ትጠፋለች። ዳር ይዘው ካሳረፏት ተነሥታ መውጣቷን ትቀጥላለች፤ ሁለተኛው መቆም ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ይመጣል። ከእኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት በየጋራዡ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ ኮይል (ለብልጭታው ኃይል ሰጪው) እና የካርቡሬተር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቀይሮላታል፤ ችግሩ ግን አልተነካም።

አጎቴ በጨዋታ መሐል አንድ ነገር አነሡልኝ፦ ሳልባትዮው ሙሉ በሆነ ጊዜ ችግሩ ዘግይቶ ይመጣል። ይህን ከሁሉ በላይ አስምሬበታለሁ። የእሳት፣ ማለትም የካንዴላ ብልጭታ፣ ችግር ቢሆን ኖሮ በሳልባትዮው ውስጥ ያለው የነዳጅ መጠን ለውጥ አያመጣም ነበር። ነዳጁ ከፍ ብሎ ሲቆም በራሱ ክብደት ፖምፓውን ስለሚያግዘው፣ ነገሩ ከፖምፓው በፊት ባለው የመሳቢያ መስመር ላይ ሊሆን እንደሚችል ከወዲሁ ጠረጠርሁ። ጥርጣሬ ግን ዕቃ ለመቀየር አያበቃም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልፈትነው ወሰንሁ።

ቅዳሜ፣ ከደብረ ሲና በላይ

የመጀመሪያው ጥያቄ እሳት ነው የጠፋው ወይስ ነዳጅ የሚለው ነው። አጎቴ እየነዱ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ መቆራረጡ እንደ ጀመረ ቾኩን በጥቂቱ እንዲስቡት ጠየቅኋቸው። ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ነፍስ ዘራ፤ ከዚያ እንደገና ደከመ። ቾክ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን ስለሚያበዛ፣ በቾክ የሚሻሻል ሞተር ነዳጅ ያነሰው ሞተር ነው። በተጨማሪም የእሳት መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ሁሉ ሞተሩ ሳያስጠነቅቅ ያቆማል። ይህቺ ግን ቀስ በቀስ ነው የምትደክመው።

እንደ ቆመች ኮፈኑን ከፈትሁ። በዚህ ሞተር ካርቡሬተር ፊት ላይ በተንሳፋፊው ክፍል (ካርቡሬተሩ ነዳጅ በሚያጠራቅምበት ጓዳ) ውስጥ ያለውን የነዳጅ ከፍታ የሚያሳይ ትንሽ ክብ መስታወት አለ፤ ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን ነዳጁ የመስታወቱን መሐል ይዞ ይቆማል። መስታወቱ ባዶ ነበር። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሥቼ ነዳጅ መስጫውን በእጄ ስጎትተው፣ ወደ ጉሮሮው መርጨት የነበረበት ቀጭን የነዳጅ ጅረት አልወጣም። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ ሳየው ጫፉ ደርቆ ነጭ ግራጫ ሆኗል። እሳቱን የፈተንሁት ካርቡሬተሩን ከሸፈንሁና ካንዴላውን ከነዳጅ መስመሩ ካራቅሁ በኋላ ነው፤ ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ነበር። በዚህ የእሳቱ ጉዳይ ተዘጋ፤ ቀደም ሲል ለኮይልና ለካንዴላ የወጣው ገንዘብም ለምን ውጤት እንዳላመጣ ታወቀ።

ስለ ከፍታው

በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ የሚቆም አሮጌ መኪና ሁሉ «ከፍታው ነው» ይባላል፤ እኔንም እዚያው ዳር ላይ የቆሙ አሽከርካሪዎች በቅንነት እንዲህ ብለው መከሩኝ። ከፍታ ጉልበት እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩም በዚያው ልክ የሚያገኘው አየር ያንሳል። ነገር ግን ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት ለይቶ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ከፍታ ብቻውን ያደከመው ሞተር ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ከጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ ይታያል። የእኛ ካንዴላ ግን ነጭ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው የማያተኩርበት ቢሆንም፣ ለእኔ ከፍታውን ከዋና ተጠርጣሪነት ለማውጣት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ሙቀቱ

ሁለተኛው የተለመደ ምክር ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ነው። ይህ ምክር መሠረት አለው። ቤንዚን በመስመሩ ውስጥ ሲሞቅ ወደ ትነት ይለወጣል፤ ፖምፓው ደግሞ ፈሳሽ ለመግፋት እንጂ ትነት ለመግፋት ስላልተሠራ ባዶውን ይመታል። አጎቴም በእርጥብ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ተገላግለዋል።

ሙቀቱ ምክንያት ነው ወይስ አባባሽ የሚለውን ለመለየት ሁለቱን ነገሮች፣ ሸክሙንና ሙቀቱን፣ ማነጣጠል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ጭጋጉ ገና ከገደሉ ሳይነሣ፣ ያንኑ ዳገት በብርዱ ወጣናት። ከቀትሩ ይልቅ ዘግይታ፣ ግን በዚያው ሁኔታ ቆመች፤ መስታወቱም እንደ ቀድሞው ባዶ ነበር። በእጄ የነካሁት የፖምፓው አካል ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አልነበረም። ሙቀቱ ያባብሰዋል፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው።

በሌላ በኩል፣ በዚህ ወቅት የደብረ ብርሃን ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ በመስመሩ ውስጥ ያለ ውሃ በርዶ መንገድ ይዘጋ ይሆን የሚል ጥያቄም ነበረኝ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ማለዳ ሲነሡ መታየትና ሞተሩ ሲሞቅ መልቀቅ ነበረበት፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ማክሰኞ፣ ክዳኑና ፊልትሮው

የሳልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ከተዘጋ፣ ነዳጁ በተሳበ ቁጥር ውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ክዳኑን አላልተን ዳገቱን ሞከርነው፤ ለውጥ የለም።

ፊልትሮውን (የነዳጅ ማጣሪያውን) ለሁለት ሰንጥቄ ስከፍተው በወረቀቱ እጥፋት መካከል ደቃቅ ቡናማ የዝገት ዱቄት ተጠራቅሟል። አዲስ፣ ውስጡ የሚያሳይ ፊልትሮ ከፖምፓው በፊት አስገባሁ። ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ስይዘው ፊልትሮው ውስጥ የሚገባው ነዳጅ በአረፋ የታጀበ ነበር፤ አረፋውም ዙሩ በጨመረ ቁጥር ይበዛል። አረፋ የሚመጣው ወይ አየር በላላ መጋጠሚያ ሲገባ፣ ወይ መስመሩ ታፍኖ ቤንዚኑ በመሳቡ ብቻ ሲተን ነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አጥብቄ፣ ከፊት ያሉትን አጫጭር የጎማ ቱቦዎችም ቀየርሁ። አረፋው አልቀረም።

ሐሙስ፣ ግፊቱን መለካት

እዚህ ላይ ብዙዎች ፖምፓውን ይቀይራሉ። ሜካኒካል ፖምፓ ርካሽ አይደለም፤ በገበያ ላይ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ከአሮጌው የተሻለ አይደለም። ስለዚህ ሳልለካ ላለመፍታት ወሰንሁ።

በፖምፓውና በካርቡሬተሩ መካከል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ አስገብቼ ማኖሜትሩን (የግፊት መለኪያውን) ረዘም ባለ ቱቦ አወጣሁትና ከውጭ በኩል በፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር አሰርሁት። ነዳጅ የያዘ ቱቦ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከውጭ ታስሮም ከመቀመጫው ሆኖ በደንብ ይነበባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካርቡሬተር ከ0.2 እስከ 0.3 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲሜትር ያለ ግፊት ጤነኛ ነው። በሚኒሞ 0.25 አነበብሁ፤ በሜዳውም እንዲሁ።

ዳገቱ ላይ መርፌው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ 0.15፣ ቀጥሎም ከ0.1 በታች ወረደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ ምንም አላጉረመረመም፤ ምክንያቱም በተንሳፋፊው ክፍል ውስጥ የተጠራቀመው ነዳጅ ገና አላለቀም። መርፌው ዜሮ ከነካ በኋላ ነው መቆራረጡ የጀመረው። ከዚህ በፊት በጆሮና በስሜት ብቻ ይነገር የነበረው ነገር በዓይን ታየ፦ ነዳጁ የሚጠፋው ሞተሩ ከመድከሙ ቀደም ብሎ ነው።

ቅዳሜ፣ የጀሪካኑ ፈተና

ይህ ፈተና ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘሁት በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከፈተናው በፊት ባትሪውን ከነዳጅ ሥራው አካባቢ በሚገባ ሸፈንሁ፤ መኪናዋን ከቤት አውጥቼ ነፋስ በሚያገኘው ክፍት ቦታ አቆምሁ፤ ጎረቤት ለቡና ያቀጣጠለውን የከሰል ምድጃም ራቅ እንዲያደርጉልኝ ጠይቄ በፈቃዳቸው ወስደውልኛል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ሩቅ ያለ ፍም ላይ ሊደርስ ይችላል። ነዳጁን የያዝሁትም በብረት ጀሪካን እንጂ በውሃ ፕላስቲክ አልነበረም።

ካርቡሬተሩን ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ትንሽ የብረት ዕቃ ለብቻው እየመገብሁ፣ የፖምፓውን መውጫ ወደ መለኪያ ዕቃ መለስሁት። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ሳይጠፋ ፖምፓው የሚያወጣውን ለረጅም ጊዜ መለካት ይቻላል። ይህ ሞተር በጭነት ዳገት ሲወጣ በሰዓት ከ10 እስከ 13 ሊትር ሊፈልግ ይችላል ብዬ ብሰላው በደቂቃ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ፖምፓው ከዚህ እጅግ በላይ ማውጣት አለበት። ከመኪናዋ ሳልባትዮ ሲስብ በመጀመሪያው ደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ አወጣ፤ ቀጥሎ እየቀነሰ ሄዶ ከ150 ሚሊ ሊትር በታች ወረደ፤ የሚወጣውም በአረፋ የተሞላ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ካሳረፍሁት በኋላ እንደገና በግማሽ ሊትር ጀምሮ እንደገና ወደቀ። ይህ በትክክል አጎቴ ዳገቱ ላይ የሚያጋጥማቸው ነገር ነው።

ከዚያም የፖምፓውን መግቢያ ከመኪናዋ መስመር ነጥዬ በአጭር አዲስ ቱቦ በቀጥታ ከጀሪካኑ እንዲስብ አደረግሁት። የሚወጣው ነዳጅ አረፋ የሌለው፣ ሳይዋዥቅ የሚፈስስ ሆነ፤ ጀሪካኑ እስኪጋመስ ድረስም አልቀነሰም። ፖምፓው ጤነኛ ነው።

ለማረጋገጥ የመሳብ ኃይልን የሚለካውን ጌጅ በፖምፓው መግቢያ ላይ አስገባሁ። ከጀሪካኑ ሲስብ መርፌው ከ3 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ አላለፈም፤ ከሳልባትዮው ሲስብ ግን ከ4 ተነሥቶ እየወጣ እስከ 22 ደረሰ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የከባቢው አየር ግፊት 54 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ 22 ሲቀነስ በመስመሩ ውስጥ የሚቀረው 32 ብቻ ይሆናል። በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ላይ ቤንዚን ብዙ ሙቀት ሳያስፈልገው ይተናል። የአረፋው ምንጭ ይህ ነው፤ እርጥብ ጨርቁ ለምን ጥቂት እፎይታ ይሰጥ እንደነበረም በዚህ ይገለጻል።

መስመሩን ማካፈል

የቀረው ከፖምፓው እስከ ሳልባትዮው ያለው መስመር ነው፤ ከፊት የጎማ ቱቦ፣ በወለሉ ሥር ረጅም የብረት ቱቦ፣ ከኋላ ደግሞ ብረቱን ከሳልባትዮው ጋር የሚያገናኝ አጭር የጎማ ቱቦ። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ በጠንካራ መደገፊያ ካስደገፍሁ በኋላ፣ የብረት ቱቦውን የኋላ ጫፍ ነጥዬ ከጀሪካኑ እንዲስብ አደረግሁ። ጌጁ ዝቅ ብሎ ቆየ፤ ፍሰቱም አልወደቀም። ስለዚህ ብረቱና ከፊቱ ያለው ሁሉ ነጻ ወጣ።

አንድ አንጋፋ መካኒክ በዚህ ጊዜ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ቀደም ሲል ይህቺኑ መኪና አይተዋታል። «ልጄ፣ መስመሩን እኮ እስከ ሳልባትዮው ድረስ ነፍቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው» አሉኝ። በጎማ መንፊያ ወደ ኋላ ስነፋው፣ እርሳቸው እንዳሉት አየሩ ያለ ምንም ችግር አለፈ፤ በመሙያው አፍ ጆሮዬን ሳስጠጋም ሲንቦጫረቅ ይሰማል። «ልክ ነዎት ጋሼ፤ ሲነፋ ያልፋል። አሁን ደግሞ ወደ እኛ ስንስበው እንየው» አልኋቸው። የመሳቢያ ፓምፑን አያይዤ ወደ ፊት ስስበው ለአፍታ ነዳጅ መጣ፤ ከዚያ እጄ ላይ ከበደኝና ቆመ። መሳቡን ስተው ጥቂት ቆይቶ ለቀቀ።

አጭሩን የኋላ ቱቦ ፈትቼ አወጣሁት። ከውጭ ሲታይ ጥቂት ስንጥቅ ብቻ ያለበት፣ ማንም ሊቀይረው የማይቸኩልለት ቱቦ ነው። በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቄ ስዘረጋው ግን የውስጠኛው ሽፋን ከውጨኛው ተላቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል። የተላቀቀው ጫፍ ወደ ሳልባትዮው አቅጣጫ የዞረ ነው። ወደ ሳልባትዮው ሲነፋ ልጣጩ ከግድግዳው ጋር ይለጠፍና መንገዱን ይከፍታል፤ ወደ ሞተሩ ሲሳብ ግን ከግድግዳው ተነሥቶ ቀዳዳውን ይሞላዋል። በሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ፍሰት ትንሽ ስለሆነ ልጣጩን አያነሣውም፤ ዳገቱ ላይ ግን ያነሣዋል። ሽፋኑን በጣቴ ስጫነው ያበጠና የለሰለሰ ሆኖ፣ ቆዳው በእጄ ላይ ጥቁር ቀለም ተወ። አንጋፋው መካኒክ ተቀብለውኝ በብርሃን አገላብጠው አዩት፤ ከእንግዲህ መስመር ሲፈትሹ ነዳጁ በሚሄድበት አቅጣጫ እንደሚስቡትም ነገሩኝ።

ቱቦው ለምን እንዲህ ሆነ

ዕድሜው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ነዳጁ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ኤታኖል እሱን እንዲቋቋም ያልተሠራን የጎማ ዓይነት ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። በዚህች መኪና ላይ የትኛው እንደቀደመ ቱቦውን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ያበጠው ውስጡ እንጂ ውጩ አለመሆኑ ግን ወደ ነዳጁ ያመለክታል።

ለመተኪያ የሚሆነውን ስገዛ በቱቦው ጎን ላይ የታተመውን ማንበብ አስፈላጊ ነበር። ለካርቡሬተር መኪና ኤስኤኢ ጄ30 አር7 (የነዳጅ ቱቦ ደረጃ መለያ) የሚል ይበቃል፤ አር9 የሚለው ደግሞ ውስጡ ኤታኖልን በተሻለ የሚቋቋም ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ። ምንም ያልታተመበትን ጥቁር ቱቦና ውስጡ የሚታየውን የውሃ ፕላስቲክ ሻጮች ለነዳጅ ይሆናል ብለው ቢያቀርቡም፣ የመጀመሪያው ውስጡ ከምን እንደተሠራ አይታወቅም፣ ሁለተኛው ደግሞ በቤንዚን ደርቆ ይሰነጠቃል።

የሳልባትዮው እጥበት

ፊልትሮው ላይ የነበረው ዝገት ስላለ ሳልባትዮውን ሳላይ አልተውሁትም። ነዳጁን ቀድቼ በብርጭቆ ዕቃ ሳሳርፈው ከታች ቀጭን የውሃ ሽፋን ለብቻው ቆመ። ቀንና ሌሊቱ በሙቀት በሚራራቅበት ደጋ ግማሽ ጎኑ ባዶ የሆነ ሳልባትዮ ውስጥ እርጥበት ስለሚጤዝ፣ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። አውርጄ በተደጋጋሚ በንጹሕ ቤንዚን አጥቤ፣ የመሳቢያውን ወንፊት በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ መለስሁት። ቀዳዳ ስላልነበረበት ብየዳ አላስፈለገውም፤ ቢያስፈልገውም በቤንዚን የተነከረን ሳልባትዮ በእኔ ግቢ በእሳት አላስነካም።

እሑድ፣ በቀትር

አዲሱን ቱቦ ከነማሰሪያው አስገብቼ፣ ማኖሜትሩን እንደገና በፊት መስታወቱ ላይ አሰርሁት። አጎቴ ሽንኩርታቸውን ሸዋሮቢት ላይ እንደ ወትሮው ጭነው፣ ሆን ብለን በቀትሩ ፀሐይ ተነሣን። ከደብረ ሲና በላይ የቀድሞው ማቆሚያ ጋ ስንደርስ መርፌው 0.25 ላይ ነበር። እስከ ጣርማበር አንዴም ከ0.2 በታች አልወረደም፤ በሁለተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቷትም አልተቆራረጠችም። ዋሻው አፍ ላይ ቆመን ካንዴላውን ስፈታው የጫፉ ነጣ ማለት ቀርቶ ቀላል ቡናማ መያዝ ጀምሯል፤ በመስታወቱም ነዳጁ መሐሉን ይዟል።

ማኖሜትሩን ፈትቼ መስመሩን እንደ ቀድሞው መለስሁ። ከፖምፓው ወደ ሳልባትዮው የሚመለሰው ቱቦና የመተንፈሻው ቱቦ ከተቀየረው ጋር እኩል ዕድሜ ያላቸው በመሆናቸው ሁለቱንም በአር9 ተካኋቸው፤ ለአጎቴም ውስጡ የሚያሳየው ፊልትሮ ዝገት ይዞ እንደሆነ በየሳምንቱ እንዲመለከቱት፣ አረፋ ካዩበትም ሳይውል ሳያድር እንዲያመጡልኝ ነገርኋቸው።